የእንቁጣጣሽ የጥሪ ካርድ በእጅ ሲሠራ

በአርሲዋ አቦምሳ ከተማ ጎረቤት በካርድ አይጠራም። ልጅ ይላካል፣ «እማዬ ኑ ብላለች» ይባላል፣ በቃ። አጥር ለሚጋራችሁ ሰው ካርድ ብትሰጡት «ምነው፣ ባዕድ አደረጉን?» ማለቱ አይቀርም። ካርድ የሚያስፈልገው ለመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ ለልጆቻችሁ መምህር፣ ለአዲስ አማች፣ አሰላና አዳማ ላለ ዘመድ ነው። ስለዚህ ወረቀት ከመግዛታችሁ በፊት የስም ዝርዝር አውጡ። ከአንድ ኤ4 ሉክ ሁለት ካርድ ስለሚወጣ ለ30 ቤት 15 ሉክ ይበቃል፤ ለብልሽት ሁለት ጨምሩበት።

የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ለካርድ ይልፈሰፈሳል። ደረቅ ወረቀት ጠይቁ፤ ከ160 እስከ 250 ግራም ያለው ይስማማል። ባለሱቁ ግራሙን ካላወቀው አንዱን ጠርዝ ይዛችሁ ሉኩን በአግድም አንሱት። ወዲያው እጥፍ ካለ መልሱለት።

አሁን ቁረጡ። ኤ4 ቁመቱ 29.7፣ ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመቱን በሁለቱም ጠርዝ 14.85 ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና በማስመሪያ አገናኙ። በአንድ ጠርዝ ብቻ ለክቶ በዓይን ማቅናት የለም፤ ጠማማው ካርድ የሚመጣው ከዚያ ነው። በምላጭ የምትቆርጡ ከሆነ ከሥር ካርቶን አንጥፉ፣ በአንድ ጊዜ ለመበጠስ ከመጫን ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ መልሱበት። ሕፃናት ካሉ ምላጩን ለትልቅ ሰው ስጡ።

ቀጥሎ ማጠፍ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። አብዛኛው ሰው ደረቅ ወረቀትን እንደ ደብዳቤ በጣቱ ያጥፈዋል፤ ከዚያ ጀርባው ተሰነጣጥቆ ነጭ ፀጉር ያወጣል። ወረቀት የተጋገረ ቃጫ ነው፣ ቃጫውም በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ሉኩን ሳታጥፉት በቁመቱ፣ ቀጥሎ በወርዱ ለመጠቅለል ሞክሩ። አንደኛው ይገራል፣ ሌላው ይታገላል፤ ቃጫው የተኛው በቀላሉ በተጠቀለለው ጥቅል ርዝመት ነው። የእጥፋቱ መስመር ቃጫው በተኛበት አቅጣጫ ሲሄድ ንጹሕ ይሆናል፤ ቃጫውን ካቋረጠ ይሰነጠቃል። ብዙውን ጊዜ የኤ4 ቃጫ በቁመቱ ይሄዳል። ቆርጣችሁ ያገኛችሁትን ግማሽ 10.5 ላይ ስታጥፉት መስመሩ ከቃጫው ጋር የሚገጥመውም ለዚህ ነው።

ከማጠፋችሁ በፊት ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ውሰዱ። ማስመሪያውን 10.5 ላይ አስደግፋችሁ፣ ሳትቀዱት ጫን ብላችሁ አንድ ጊዜ ሳቡ። በዚህ በኩል ጎድጓዳ፣ በጀርባው ጉብታ ይወጣል። ጉብታው ወደ ውስጥ እንዲገባ እጠፉ። በተቃራኒው ይመስላል፤ ትክክሉ ግን ይህ ነው። በመጨረሻ እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ እሹት።

ለሥዕሉ፣ ልጆች በእንቁጣጣሽ ማለዳ የሚያዞሩትን አስቡ። ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፣ ወንዶቹ የሣሉትን አበባና መልአክ ይሰጣሉ። የሚገርመኝ፣ ሜዳው ሁሉ ዓደይ ሆኖ ሳለ የሚሣለው አበባ ብዙ ጊዜ ቀይ ጽጌረዳ ነው። እናንተ ዓደይን ሣሉ። አድርቆ መለጠፍም ያምራል፤ ነገር ግን ካርዱ የሚላከው አበባው ገና ሳይሞላ በመሆኑ አይደርስም።

30 አበባ አንድ በአንድ መሣል ከሰለቻችሁ የአርሲ ድንች አለላችሁ። ለሁለት ግመሱት፣ ፊቱን በጨርቅ አድርቁ፣ ውሃው ቀለሙን ያቀጥነዋልና። አበባውን ትታችሁ ዙሪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ቅረፉ። ቢጫ ውሃ ከለር በብሩሽ ቀቡት እንጂ ቀለም ውስጥ አትንከሩት። ፊደል ለመቅረጽ አትሞክሩ፤ ማኅተም ግራና ቀኝን ስለሚገለብጥ እንደ «በ» እና «ዐ» ያሉት ብቻ ናቸው ሳይበላሹ የሚወጡት። ለጠርዙ ከብራና መጻሕፍት የምናውቀው ሐረግ በቀይና በአረንጓዴ ማርከር ይበቃል። ነሐሴ ላይ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ካርዶቹን ሳትደራርቡ አሳድሩ።

ጽሑፉ ውስጥ ማን ጠራ፣ ማን ተጠራ፣ መቼ፣ የት የሚሉት ካልጎደሉ ሌላው ጌጥ ነው። ለምሳሌ፦

«ለተከበሩ አቶ …
እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አደረስዎ። ቅዳሜ መስከረም 2 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ በመኖሪያ ቤታችን በምናዘጋጀው የምሳ ግብዣ ላይ ከነቤተሰብዎ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።»

«ከነቤተሰብዎ» ብላችሁ ከጻፋችሁ እንጀራውን በዚያው ልክ አስቡ። ለሙስሊም ወዳጅ የወንጌላዊውን ስም ትታችሁ «ለአዲሱ ዓመት» በሉ፤ ሥጋ ካለ የእስላም ሥጋ ለብቻ መዘጋጀቱን በቃል ንገሩት። አፋን ኦሮሞ ለሚቀናው እንግዳ የግራውን ገጽ በቁቤ ሙሉት።

ቅዳሜን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የ2019 መስከረም 1 ዓርብ ይውላል። እንቁጣጣሽ የዓርብን ጾም አይሽርም፤ ዶሮ ወጥ ያሰበ ቤት ወይ ምናሌውን ወይ ቀኑን መቀየር አለበት።

ካርዶቹን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከጳጉሜን በፊት አድርሱ፤ ዝናቡ ገና አልወጣም። ለሽማግሌ የሚወስደው ልጅ በሁለት እጁ ይስጥ።

በዚሁ መንገድ የገና ካርድ የምትሠሩ ቀኑን ከዓምናው ካርድ አትገልብጡ። የ2019 ገና ሐሙስ ታኅሣሥ 29 ነው። በ2019 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ግን፣ በቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ፣ በ2020፣ ገና የሚከበረው ዓርብ ታኅሣሥ 28 ነው፤ ያን ዓርብ ደግሞ አይጾምም።