ውኃው በየት ይግባ ስንል፣ በየት ይውጣ?
በመስኖ ማሳ ላይ ስለሚከማች ጨው

በቆላማ አካባቢ የመስኖ ቦይ ተጠናቆ ውኃው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማሳ ሲገባ የሚሆነውን ደስታ በልማት ሥራ የተሰማራን ሁሉ እናውቀዋለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ማሳ፣ በትልሞቹ አናት ላይ እንደ አመዳይ የሚነጣውን ነገር ግን ቆም ብለን አናየውም። ገበሬው መሬቱ የደከመ መስሎት ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ቡቃያው ሲጠወልግም ውኃ ያበዛል። ቡቃያው በእርግጥ ተጠምቷል፤ ሥሩ እርጥበት ውስጥ ሳለ ጨው ይዞበት ውኃውን ሊስብ አልቻለም።

ይህ ጨው በአብዛኛው የሚመጣው ከመስኖው ውኃ ከራሱ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው የያዘ ውኃ ለመጠጥ እንኳ የማያስከፋ ነው። በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ የዚህ ዐይነት ውኃ የጠጣ አንድ ሄክታር ማሳ ግን 50 ኩንታል ጨው ተሸክሞ ይቀራል። ውኃው በፀሐይ ይተናል፣ በተክሉም በኩል ይወጣል፤ ጨው አይተንም።

ሁለተኛው መንገድ ከታች ወደ ላይ ነው። ከመጠን በላይ የፈሰሰ ውኃ መውጫ ሲያጣ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ ያደርገዋል። ይህም ውኃ ከወለሉ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀርብ፣ ላምባ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ ሁሉ ጨዉን ይዞ ወደ ላይ ይሳባል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ የጥጥ እርሻዎች የደረሰው ይኸው ነው። በቂ ማጠንፈፊያ ሳይኖራቸው ለመስኖ ከተከፈቱት መሬቶች ብዙዎቹ በጨው ምክንያት ከእርሻ ውጭ ሆነዋል።

መድኃኒቱ ጨዉን አጥቦ ከሥር በታች ማውረድ ነው። መጠኑ እንደ ሰብሉ ይለያያል። የአፈር ጨዋማነት የሚለካው ከአፈሩ ጭቃ የተጨመቀው ውኃ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት አቅም ሲሆን፣ መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። ሽንኩርት ከ1.2፣ በቆሎ ከ1.7 በላይ ሲሆን ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል፤ ስንዴ እስከ 6፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ይታገሣሉ። ከላይ በጠቀስነው ውኃ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ከሚያጠጣው ከመቶ 15 ያህሉ ከሥሩ በታች ማለፍ ይኖርበታል፤ ለጥጥ ከመቶ 2 ይበቃል። ሰርዶም እስከ 7 ገደማ ስለሚችል ለተጎዳ መሬት መልካም መኖ ነው። በሞቃት አገሮች የጎልፍ ሜዳ የሚለብሰውም የሰርዶ ዘር በመሆኑ፣ የዚያ ባለሙያዎች የሚታገሉት ከዚሁ ከእኛ ገበሬ ችግር ጋር ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም አፈር በውኃ ብቻ አይታጠብም። ጥቂት አፈር በብርጭቆ ውስጥ በዝናብ ውኃ በጥብጦ ማሳደር ነው። በማግሥቱ ውኃው ከጠራ ጉዳቱ የተራ ጨው ሊሆን ይችላል። ደፍርሶ ከቆየ ግን ሶዲየም መብዛቱን ያጠራጥራል። እንዲህ ያለው አፈር በውኃ ብቻ ሲታጠብ ይበልጥ ይደፈናል፤ አስቀድሞ ጂፕሰም ሊደባለቅበት ይገባል። የብርጭቆው ፈተና ጥርጣሬን ያመለክታል እንጂ የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም።

በዚህ ረገድ እኛም ከወቀሳ አናመልጥም። በሪፖርቶቻችን የተጠለፈውን ወንዝ፣ የተገዛውን ፓምፕና የለማውን ሄክታር እንቆጥራለን፤ የማጠንፈፊያ ቦይ ርዝመት የሚጻፍበት ዐምድ የለም። በጀት ሲያጥርም መጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው። መውጫ በሌለው ማሳ ላይ «ጨዉን እጠቡ» ብሎ መምከር ደግሞ የከርሰ ምድሩን ውኃ ይበልጥ ማንሣት ይሆናል።

ስለዚህ አዲስ የመስኖ ዕቅድ ስናዘጋጅ የመውጫው ቦይ ከጠለፋው ጋር በአንድ ንድፍና በአንድ በጀት እንዲያዝ እንጠይቃለን። ነባሮቹ ማሳዎች ዘንድ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ዙሪያው የተበሳሳ የሦስት ሜትር ቱቦ በማሳው መካከል ይቀበራል፤ የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊም በየወሩ በገመድ ጥልቀቱን ለክቶ በመዝገብ ያሰፍራል። ልኬቱ ከወር ወር እያጠረ ከሄደ፣ ነጩ ገና ሳይታይ ቦዩን መቆፈር ይጀመራል።