ባቡር ላይ «ቦርሳህን ክፈት» ቢሉኝ

ጥያቄ፦ የከተማችን የስደተኞች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ከመዘጋቱ በፊት ጀምሮ ሮማ አቅራቢያ ባለችው ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ነው የምኖረው። ለሥራ በባቡር ወደ ሮማ እመላለሳለሁ። ፖሊስ ከተሳፋሪው መሃል ለይቶ ቦርሳዬን ሊፈትሽ ይችላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወረቀት መጠየቅና ቦርሳ መፈተሽ ለየቅል ናቸው። ወረቀት ሲጠይቁዎ ያሳዩ። መታወቂያውንና የመኖሪያ ፈቃዱን ያለ በቂ ምክንያት የማያሳይ የውጭ ዜጋ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 2000 ዩሮ መቀጮ ሊጠብቀው ይችላል።

ፍተሻ ግን ሌላ ነው። የጣሊያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 13 የሰውን ነጻነት የማይደፈር ይለዋል፤ ፍተሻ በመርህ ደረጃ ምክንያቱ የተጻፈበት የፍትሕ አካል ትእዛዝ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ ቁጥር 152፣ በአንቀጽ 4፣ ለፖሊስ አንድ በር ከፍቷል፦ ነገሩ አስቸኳይ ሲሆን፣ የሰውየው አኳኋን ወይም በዚያ ሰዓትና ቦታ መገኘቱ አሳማኝ ካልሆነ፣ የጦር መሣሪያ፣ ፈንጂ ወይም የመስበሪያ ዕቃ ለመፈለግ ብቻ። አደንዛዥ ዕፅ የራሱ ሕግ አለው። የቆዳ ቀለም አኳኋን አይደለም፤ ይህን ረግጬ እናገራለሁ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ መንገደኛን እንዲፈትሽ የፈቀደውን የብሪታንያ ሕግ በቂ ገደብ የሌለው፣ የግል ሕይወትን መብት የሚጥስ ብሎታል።

ስለዚህ አይታገሉ፤ ምክንያቱን በእርጋታ ይጠይቁ። ቬርባሌ የተባለው የፍተሻ ሰነድ በ48 ሰዓት ውስጥ ለዓቃቤ ሕግ መላክ አለበት፤ ለእርስዎም ይሰጣል። ሳይቀበሉ አይሂዱ፤ ወደ ጠበቃ ሲሄዱ ይዘውት ይግቡ።