«ፒጋ»ን ናይሮቢ ላይ ለመልመድ

ናይሮቢ ገብቶ ስዋሂሊ የጀመረን ኢትዮጵያዊ ቶሎ ከሚያደናግሩት ግሦች አንዱ «ኩፒጋ» ነው። መዝገበ ቃላት ሲገልጥ «መምታት» የሚል ያገኛል። ኢስሊ ሰፈር ወርዶ ሲያዳምጥ ግን ሰዉ በዚሁ ግሥ ስልክ ይደውላል፣ ልብስ ይተኩሳል፣ ወለል ይወለውላል፣ ፎቶ ያነሳል። ብዙዎች ትርጉሞቹን ደርድረው ለመሸምደድ ይሞክራሉ፤ ዝርዝሩ ስለማያልቅ ይሰለቻሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ።

መጀመሪያ እኛም «የምንመታቸውን» ይያዙ። ከበሮ እንመታለን፤ እነሱም «ፒጋ ንጎማ» ይላሉ። ክራር እንደምንመታ ሁሉ ጊታርም «ፒጋ ጊታ» ነው። መብረቅ የመታው ሰው «አሜፒግዋ ና ራዲ» ይባላል። «ስልክ ምታልኝ» እያለ ያደገ ሰው ደግሞ «ፒጋ ሲሙ» ሊከብደው አይገባም። እንዲህ ያለ ግሥ የስዋሂሊ ብቻ ጠባይ አይደለም። ፋርስኛ «ዛዳን» በሚለው የመምታት ግሥ ስልክም ይደውላል፣ ጥርስም ይቦርሻል። የስፓኒሽ ተናጋሪ «ኤቻር» በሚለው የመወርወር ግሥ ቤንዚን ይሞላል፣ ሰውም ይናፍቃል።

ቀጥሎ ደብተር ያውጡ። ገጹ አናት ላይ «ፒጋ» ብለው ትርጉም አይደርድሩ፤ አብሮት የሚመጣውን ስም በሚሰማበት ቦታ ለይተው ይጻፉ። ትርጉሙን የሚሸከመው ስሙ ነው። የቤቱ ገጽ «ፓሲ» (ልብስ መተኮስ)፣ «ዴኪ» (ወለል መወልወል)፣ «ምስዋኪ» (ጥርስ መቦረሽ) ይይዛል። የሰውነቱ ገጽ «ሚያዮ» (ማዛጋት)፣ «ቻፍያ» (ማስነጠስ)፣ «ማጎቲ» (መንበርከክ)፣ «ማኮፊ» (ማጨብጨብ) ይኖሩታል። ከቤት ውጭ «ፒቻ» (ፎቶ)፣ «ኬሌሌ» (ጩኸት) እና «ሆዲ» ይሰማሉ። «ፒጋ ሆዲ» ሰው ቤት ሲሄዱ ከደጅ ሆኖ «ቤቶች!» እንደማለት ነው፤ ጎረቤትነት የሚጀመረው በሱ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድመው ይልመዱት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ከተዋወቁት ሰው ሲለዩ «እደውልልሃለሁ» ለማለት ትክክለኛው «ኒታኩፒጊያ» ነው። «ኒታኩፒጋ» ካሉ «እመታሃለሁ» ብለዋል። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ የገባችው የ«ኢ» ድምፅ ናት። የስዋሂሊ መጻሕፍት ይህችን ድምፅ ለውጭ ሰው ለማስረዳት ብዙ ይደክማሉ፤ እኛ ግን «ምታኝ» እና «ምታልኝ» የሚሉት ቃላት ያላቸውን ልዩነት ከሕፃንነታችን እናውቃለን። «ኒፒጌ» ማለት «ምታኝ»፣ «ኒፒጊዬ» ማለት «ምታልኝ» ነው። የ«ኢ» ሥራ የኛ የ«ለ» ሥራ ነው። ልብስ የምታጥብልዎትን ማማ ፉዋ «ኒፒጊዬ ሂዪ ሻቲ ፓሲ» ሲሏት «ይህን ሸሚዝ ተኩሺልኝ» ማለትዎ ነው። ጥንዶቹን ጮክ ብለው ያፈራርቁ፦ «አሜኒፒጋ» መታኝ፣ «አሜኒፒጊያ» ደወለልኝ፤ «ዋናፒጋና» እየተደባደቡ ነው፣ «ዋናፒጊያና ሲሙ» እየተደዋወሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ አብሮ ካለ ፍርሃቱ ይቀንሳል። «ኒፒጌ ፒቻ» ቢሉ «ፎቶ አንሳኝ» ነው፤ ማንም ለድብድብ አይነሳም። ጥንቃቄው ስሙ ሲቀር ነው፤ ናይሮቢ ላይ ደግሞ «ሲሙ» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል።

ጆሮዎን ለማሠልጠን ስልክዎ በቂ መምህር ነው። የደወሉለት ሰው ሳይገኝ ሲቀር የሚሰሟት ሴት «ሳማሃኒ፣ ምቴጃ ዋ ናምባሪ ኡሊዮፒጋ ሃፓቲካኒ ክዋ ሳሳ» ትላለች። አይዝጉት። «ኡሊዮፒጋ» የሚለውን ይበታትኑት፦ «ኡ» አንተ፣ «ሊ» ያለፈ ጊዜ፣ «ዮ» የኛ «የ»፣ ከዚያ ግሡ። ሲገጣጠም «የመታኸው ቁጥር»፣ ማለትም የደወልክበት ነው። አንድ ቃል ውስጥ ይህን ያህል ሰዋስው የሚያስተምር መጽሐፍ በቀላሉ አይገኝም።

ማስታወቂያዎችንም ያንብቡ። «ማሩፉኩ» ከ«ፒጋ» ጋር ሲመጣ «መከልከል» ነው። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ፌስታልን ስትከለክል «ኢሜፒግዋ ማሩፉኩ» ተባለ፤ ከአዲስ አበባ ዕቃ በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣ ወገን ቃሉን ከነሕጉ ቢያውቅ ይጠቀማል። «ኒ ማሩፉኩ ኩፒጋ ፒቻ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ደግሞ ካሜራውን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ። በምርጫ ሰሞን «ኪቱዎ ቻ ኩፒጊያ ኩራ» የሚል ይለጠፋል፤ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ማለት ነው። ያቺ «ኢ» እዚህም አለች፤ አሁን ግን የ«ለ» ሳይሆን የ«በ» ሥራ ነው የምትሠራው፤ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ። መራጩ ራሱ «ምፒጋ ኩራ»፣ ፎቶ አንሺው «ምፒጋ ፒቻ» ይባላሉ። ፊት ላይ «ም» ሲጨመር አድራጊውን ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ በየቀኑ አንድ አዲስ ስም ከሰው አፍ ይልቀሙ። ስሙ ካመለጠዎት «ኩፒጋ ኒኒ?» ብለው ይጠይቁ፤ «ምን መምታት?» ነው፤ የናይሮቢ ሰው ደስ ብሎት ይመልሳል። ወጣቶች ቁጭ ብሎ መጨዋወትን «ኩፒጋ ስቶሪ» ሲሉ ይሰማሉ፤ ይህ የመንገድ ቋንቋ ስለሆነ ለጓደኛ እንጂ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሆንም።

ሁሉንም ነገር ግን በ«ፒጋ» አይገምቱ። ናይሮቢ ውስጥ መርፌ በብዛት «ኩዱንጋ» ነው የሚባለው፤ የመውጋት ግሥ ነው፣ እንደኛው። መድኃኒት መውሰድ ደግሞ ኪኒን ቢሆንም «ኩኝዋ» ነው፣ መጠጣት። ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት እነዚህን ሁለቱን በሌላ ገጽ ይጻፏቸው።