የግቢን ውሻ በጉርሻ ማሠልጠን፦ ከበር ጥበቃ እስከ ክትባት ቀን

በናይሮቢ በኪያማይኮ የፍየል ገበያም ሆነ በዳጎሬቲ ቄራዎች አካባቢ፣ ሥጋ ባለበት ሁሉ ውሻ አይጠፋም። ገሚሱ ባለቤት የሌለው ነው፤ ገሚሱ ሌሊት ጋጣ እንዲጠብቅ የታሰረ የነጋዴ ውሻ ነው። ነጋዴው ለፍየሉ የመኖ፣ የጭነትና የመድኃኒት ወጪ ይመዘግባል። ለውሻው ግን መዝገብ አይከፍትም። ሒሳቡ የሚታወቀው ውሻው ገዢ ላይ ሲዘል፣ የሚራገፉትን ፍየሎች ሲያስበረግግ፣ ይባስ ብሎም ሠራተኛ ሲነክስ ነው።

አንድ ሰው በውሻ ሲነከስ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ለማግኘት፣ እንደ አሰጣጡ፣ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ጤና ተቋም መመላለስ አለበት። የክትባቱ ዋጋ፣ የመጓጓዣውና የቀረው የሥራ ቀን ይደመራል። የነከሰው ውሻም ለ10 ቀን ታስሮ ሊታይ ይገባል። በዚህ በሽታ ሰው ከሚሞትባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶ ያህሉ መነሻቸው ውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚያድን ሕክምና የለም። ያበደ ውሻ የነከሳት ላምም እንደዚሁ የጠፋች ሀብት ናት።

ታዲያ ጠባዩን በምን መግራት ይቻላል? የብዙዎች መልስ ዱላ ነው። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ላይ፣ ውሻቸውን እንደሚመቱ ወይም እንደሚረግጡ ከተናገሩት ባለቤቶች 43 በመቶ የሚሆኑት ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ገልጸዋል። ፖርቱጋል ውስጥ በ92 ውሾች ላይ ተሠርቶ በ2020 የወጣ ሌላ ጥናትም በቅጣት የሚሠለጥኑት በሽልማት ከሚሠለጥኑት ይልቅ በሥልጠና ሰዓት የበለጠ የጭንቀት ምልክት እንደሚያሳዩ አመልክቷል። የተጨነቀ ውሻ ደግሞ ጥርሱን ለማውጣት ቅርብ ነው።

በጉርሻ ማሠልጠን የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው፤ ውሻ ያስገኘለትን ነገር ይደግማል። ባለቤቱ መጀመሪያ አንዲት አጭር የምስጋና ቃል ይመርጣል። «ጎሽ» ትበቃለች። ባለቤቱ አማርኛ፣ ዘበኛው ስዋሂሊ የሚናገር ከሆነ ግን በአንድ ቃል መስማማት አለባቸው፤ አንዱ «ጎሽ» ሌላው «ቪዙሪ» እያለ ውሻውን ማደናገር ሥልጠናውን ያረዝመዋል። ለአንድ ሁለት ቀን ቃሉ በተባለ ቁጥር የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቁራሽ ትሰጣለች። ውሻው ቃሉን ሰምቶ ቀና ማለት ሲጀምር፣ ቃሉ ገንዘብ ሆኗል ማለት ነው።

ከዚያ ውሻው በሩ ሲከፈት አራት እግሩ መሬት ላይ እንዳለ፣ በዚያችው ቅጽበት «ጎሽ» ይባላል፤ ቁራሹም ወዲያው ይከተላል። ሦስትና አራት ሰከንድ ከዘገየ ክፍያው ለሌላ ሥራ ይሆናል፤ ለመዝለሉ ወይም ለመጮሁ። ውሻው ሲዘል ሰውየው ጀርባውን ይሰጣል እንጂ አይጮህበትም፤ ጩኸትም ለአንዳንድ ውሻ ጨዋታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነገር አለ። ቀድሞ ትኩረት ያስገኝለት የነበረው ዝላይ ዋጋ ሲያጣ ውሻው ለጥቂት ቀን ከበፊቱ አብልጦ ይዘላል። በዚያ ሰሞን አንዴ እጅ ከተሰጠ፣ ውሻው የሚማረው አጥብቆ መዝለል እንደሚያዋጣ ነው።

ወጪው ስንት ነው? በቀን 2 ጊዜ፣ 5 5 ደቂቃ፣ ለ3 ሳምንት ቢሠራ 210 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በእያንዳንዱ ጊዜ 1 ግራም የምትመዝን 20 ቁራሽ ብትሰጥ ድምሩ 840 ግራም ነው። ከአንድ ኪሎ በታች ሥጋ! ጠባዩ ሲጸና ደግሞ በየጊዜው መክፈል ይቀርና አልፎ አልፎ ይሆናል። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንቱ ባለው ጊዜ ከሰውና ከከብት ጋር በደህና ከተላመደ ወጪው ከዚህም ያንሳል።

በጉርሻ የለመደ ውሻ ለጥበቃ አይሆንም የሚሉ አሉ። ናይሮቢ ራሷ ለዚህ መልስ አላት። በጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የዝሆን ጥርስ የሚያነፈንፉት የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ውሾች የሚሠሩት ለሽልማት ነው፤ ሽታውን ሲያገኙ የሚከፈላቸው በአሻንጉሊት ወይም በኳስ ጨዋታ ነው። በር ላይ ገዢን የማይዘልበት ውሻ ሌሊት ለሌባ መጮሁን አይተውም። የቀኑን እንግዳ ከሌሊቱ የሚለይ ውሻ ለነጋዴ ይሻላል።

ጉርሻው ከምን እንደሚዘጋጅ ግን ማስተዋል ያሻል። በቄራ አካባቢ ርካሹ ነገር የተጣለ ሳምባና ጉበት ነው። በጥሬው ለውሻ መስጠት ክልክል ሊሆን ይገባል። በእነዚህ አካላት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ የሃይዳቲድ ከረጢቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ውሻው ሲበላቸው በአንጀቱ ትል ያፈራል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወደ ግጦሽ፣ ወደ ፍየልና ወደ ሰው ይሻገራል። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ የቱርካና ሕዝብ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁት የዓለም ማኅበረሰቦች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ነጋዴውም ቄራ ላይ በሚወገድ ጉበትና ሳምባ ይከስራል። ስለዚህ ለጉርሻ የሚሆነው በምርመራ ያለፈና በደንብ የተቀቀለ ሥጋ ነው። ከረጢት የታየበት አካል ተቀቅሎም ቢሆን ለጉርሻ አይታሰብ፤ ይቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር። የትል መድኃኒቱን ፕራዚኳንቴል በምን ያህል ጊዜ መስጠት እንደሚገባ የእንስሳት ሐኪም ይወስናል።

ከሁሉም ትምህርት ብዙ የሚያተርፈው ውሻውን ለመያዝ ማለማመድ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2030 በዘረጋችው ዕቅድ በውሻ የሚመጣውን የእብድ ውሻ በሽታ ሞት ለማጥፋት አስባለች፤ ለዚህም ከውሾች 70 በመቶው መከተብ አለበት። ክትባቱ በነጻ ሲሰጥ እንኳ፣ ማንም ሊይዘው የማይችል ውሻ ሳይከተብ ይመለሳል። ያልተከተበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው የሚናከሰው ነው።

ልምምዱ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ እጅ ትከሻውን ነካ ያደርጋል፤ ጎሽ፣ ቁራሽ። ቀጥሎ የትከሻው ቆዳ በቀስታ ይያዛል፤ ከዚያ ቆንጠጥ ተደርጎ ለ3 ሰከንድ ይቆያል። አፉ ላይ የሚጠለቀውን መከላከያም መጀመሪያ ቁራሽ ውስጡ አድርጎ ራሱ አፍንጫውን እንዲያስገባ መተው ነው። ውሻው ከተፈራገጠ ወይም ካንጎራጎረ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሷል። ቀድሞውኑ ሰው የነከሰ ውሻ ከሆነ ግን ይህን ባለቤቱ ብቻውን አይሞክረው፤ ባለሙያ ይጠራ። የክትባቱ ቀን ሲደርስ ውሻውን የሚይዘው ሲያለማምደው የቆየው ሰው ነው፤ ቁራሹም በኪሱ መሆን አለበት፣ መርፌው ወጥቶ ሳያበቃ ሊሰጥ።