ስምንት መደመር ብቻ አይበቃም፦ ቀላል ስሕተትን ስለ መፈለግ

በአፉላ መሀል ከተማ የሚኖሩ ብዙ ታላላቆቻችን እስራኤል የገቡበትን ቀን የሚያስታውሱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ወረቀቶቻቸው ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ተሞልተዋል። ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍ ለምንለማመድ ተማሪዎች ቀን መለወጫ መሥራት ጥሩ መልመጃ ነው፤ ቤተሰብም ይጠቀምበታል። የሚያደክመን ከባዱ ስሌት አይደለም። ብዙ ሰዓት የሚበላው ዓይናችን ሥር ያለ ቀላል ስሕተት ነው። ሦስቱን እንይ።

1. አንድ ሙከራ ስለ ተሳካ አንመን

ፕሮግራማችን በዓመቱ ላይ ሁልጊዜ 8 ይደምራል እንበል። ዘመቻ ሰሎሞን በጀመረበት ቀን፣ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ብንሞክረው 1991 ይለናል። ልክ ነው፤ ዕለቱ ሜይ 24 ቀን 1991 ነበር። ዘመቻ ሙሴ በጀመረበት በኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ብንሞክረው ግን 1985 ይላል። ትክክለኛው ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ዘመቻው ያበቃው ታኅሣሥ 27፣ ማለትም ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ነው። ስለዚህ ከወሰኑ በፊትም በኋላም ያሉ ቀኖችን እንሞክር።

2. ቆጠራው ከስንት ይጀምራል?

በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች የዝርዝር ቆጠራ ከ0 ይጀምራል። መስከረም 0 ከሆነ ኅዳር 2 ነው። 3 ብለን ከጻፍን ታኅሣሥን እናገኛለን፤ ኖቬምበር 21 የነበረው ዲሴምበር 21 ይሆናል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። የተሳሳተውን ቀን በልበ ሙሉነት ያወጣል።

3. ለጆሮ አንድ፣ ለኮምፒውተር ሦስት

«ኅዳር»፣ «ህዳር» እና «ሕዳር» ስናነባቸው አንድ ናቸው። የግዕዝ ፊደላት በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገቡ ግን ለ«ኅ»፣ ለ«ህ» እና ለ«ሕ» የተለያየ ቁጥር ተሰጣቸው። ፕሮግራሙ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ አያታችን በሌላው ሲጽፉ «ወር አልተገኘም» ይላቸዋል። ከማነጻጸራችን በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ እንመልስ።

ለምን አናያቸውም?

የራሳችንን ኮድ ስናነብ የምናየው የጻፍነውን ሳይሆን ልንጽፍ ያሰብነውን ስለሆነ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ስንቸኩልም ቀላሉን እንዘላለን። ስለዚህ፦

• በየደረጃው ያለውን ቁጥር አትመን እንይ፤ «ይህማ ልክ ነው» ብለን አንለፍ።
• በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ሁለት ከለወጥን የቱ እንዳስተካከለው አናውቅም።
• መስመር በመስመር ለጓደኛ ጮክ ብለን እናስረዳ። ብዙ ጊዜ ስሕተቱን ገና እየተናገርን ሳለን እናገኘዋለን።

መልመጃ

ፕሮግራማችሁ መስከረም 1 ቀን 1977ን ሴፕቴምበር 11 ቀን 1984፣ መስከረም 1 ቀን 1976ን ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1983 ማለት አለበት። ሁለቱንም 11 ካለ፣ የ1975 ጳጉሜን 6 ቀን እንደነበረች ረስቷል። ይህን ሳያልፍ የእናት ወይም የአባት ቀን አናስገባበት፤ በአንድ ቁጥር የተዛባ ቀን ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ማስተካከሉ ኮድ ከማረም ይከብዳል።