በሳምንት አንዴ የሚወሰደው መድኃኒት

ጥያቄ፦ የምኖረው ቆሰበር ነው። እናቴ ሩማቶይድ የተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለባት ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች። ሰሞኑን አፏ ቆስሎ እንጀራ መዋጥ አቅቷታል። ከመድኃኒቱ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ሐኪም እስኪያያቸው ሜቶትሬክሴቱን አይስጧቸው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውንም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን እሱን በድንገት አያቋርጡት።

ሜቶትሬክሴት የመገጣጠሚያን መቆጣት ያበርዳል፤ በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ግን የአፍና የአንጀት ሽፋንን፣ እንዲሁም ደም የሚመረትበትን መቅኔ ይጎዳል። ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስህተት በየቀኑ መዋጥ ሕይወት ያሳጣል። ኩላሊት ሲደክም ወይም ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት አብሮ ሲወሰድም ጉዳቱ ይከፋል።

የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ የቀሩትን እንክብሎች ቢቆጥሩ ምን ያህል እንደተወሰደ ይታወቃል። ሐኪሙ የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ያዛል፤ ካስፈለገ ወደ ባሕር ዳር ይልካቸዋል። ትኩሳት፣ የድድ መድማት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የቆዳ መላጥ ካለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው።

ሐኪሙ እንደገና እንዲጀምሩ ከፈቀደ፣ የሚወስዱበትን ቀን በማሸጊያው ላይ በጉልህ ይጻፉላቸው። እግዚአብሔር ይማርልዎ።