የሙዚቃ በዓልና የኢንተርኔት ማስታወቂያ

የጨርቅ ነጋዴ ጨርቁን ለገዢው አስዳስሶ ይሸጣል። የሙዚቃ በዓል አዘጋጅ ግን የሚሸጠው ገና ያልተደረገ ነገር ስለ ሆነ የሚያስዳስሰው የለውም፤ ገዢውም ገንዘቡን የሚከፍለው በዓሉ ከመድረሱ ከብዙ ወራት በፊት ነው። ስለዚህ በዚህ ንግድ ማስታወቂያው የዕቃው ናሙና ነው ማለት ይቻላል። ይኸው ናሙና በኢንተርኔት ወደ አድማጩ እንዴት እንደሚደርስ ለመግለጽ እሞክራለሁ። (ዓመታቱን የጻፍሁት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

ዋነኛው መንገድ ያለፈውን በዓል ማሳየት ነው። በቤልጂግ አገር ቡም በምትባል ከተማ ከ2005 ጀምሮ የሚደረገው ቱሞሮውላንድ፥ በዓሉ ካለቀ በኋላ ፊልም አዘጋጅቶ በዩቲዩብ ያወጣል። በካሊፎርኒያ የሚደረገው ኮቼላም ከ2011 ጀምሮ ዘፈኑን በዚያው ሰዓት በዩቲዩብ በነጻ ማሳየት ጀመረ። በነጻ ያየ ሰው ስለ ምን ይከፍላል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሠርግ ዘፈን ከአጥር ውጭ ሆኖ የሰማ ሰው ወደ ድንኳኑ ለመግባት ይበልጥ ይጓጓል እንጂ ጠገብሁ ብሎ አይሄድም።

ከዚህም ሌላ ቲኬት ለመግዛት አስቀድሞ የሚመዘገብ ሰው አድራሻውን ለአዘጋጆቹ ይሰጣል፤ ዋጋውን አይቶ ሳይገዛ የወጣውንም ማስታወቂያው በሌላ ገጽ ላይ ይከተለዋል። «ሊያልቅ ነው» እያሉ ማጣደፍም አለ፤ ይህን እንኳ እኔ አልወደውም።

አሁን ስለ ፋየር ፌስቲቫል እናስብ። በታኅሣሥ 2016 ስመ ጥር የሆኑ የልብስ ማሳያ ቆነጃጅትና ሌሎችም ዝነኞች በኢንስታግራም ላይ ብርቱካንማ ቀለም ያለው አንድ ዓይነት ሥዕል በአንድ ጊዜ አወጡ። በባሃማስ ደሴቶች፥ በኤግዙማ፥ በሚያዝያ 2017 ታላቅ በዓል ይደረጋል ተባለ፤ ወጣቶችም ተሻምተው ገዙ። ከደረሱ በኋላ ግን ያገኙት ለአደጋ ተረጂዎች የሚተከል ዓይነት ድንኳንና ዳቦ በአይብ ነበር፤ በዓሉም ተሰረዘ። አዘጋጁ ቢሊ ማክፋርላንድ በማጭበርበር ወንጀል በ2018 የ6 ዓመት እስራትና 26 ሚሊዮን ዶላር የመመለስ ፍርድ ተፈረደበት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማስታወቂያው አልከሸፈም፤ እንዲያውም እጅግ ሠርቷል። ልዩነቱ ቱሞሮውላንድ የሆነውን ሲያሳይ፥ ፋየር ግን ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ ተደርጎ ስለማያውቅ ያሳየው ባሕሩንና ቆነጃጅቱን ብቻ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ደንብ ለማስታወቂያ ገንዘብ የተቀበለ ሰው መቀበሉን መግለጽ ሲገባው፥ አብዛኞቹ ዝነኞች አልገለጹም። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ተመልካቹ የወዳጅ ምክር መስሎታልና።

ጉዳቱም ቲኬት በገዙት ብቻ አልቆመም። የደሴቲቱ ሠራተኞች ደመወዛቸውን አላገኙም፤ አንዲት የምግብ ቤት ባለቤትም በ2019 በወጣ ፊልም ላይ እንደ ተናገረችው፥ ሠራተኞቿን ለመክፈል ካጠራቀመችው ገንዘብ 50,000 ዶላር አውጥታለች።